የቀረጻ ቴምፕሌት፦ አንድ ጊዜ ተሰናድቶ ለብዙ ዘፈን መነሻ የሚሆነው ገጽ እንዴት ይሠራል?

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ እስከ ካሳንቺስ፣ በየሕንፃው ፎቅና ምድር ቤት የሚገኙ ትንንሽ የሙዚቃ ስቱዲዮዎች የሚሠሩት በአንድ ኮምፒውተር፣ በአንድ ሳውንድ ካርድና በጥቂት ማይኮች ነው። የቀረጻ ሥራ የሚጀመረው ድምፃዊው ማይክ ፊት ከመቆሙ አስቀድሞ፣ ባለሙያው ሶፍትዌሩን ከፍቶ ባዶውን ገጽ መሙላት ሲጀምር ነው። ትራክ፣ ማለትም አንድ ድምፅ ለብቻው የሚቀረጽበት መስመር፣ ይከፈታል፣ ስም ይሰጠዋል፣ ማይኩ በየትኛው ሶኬት እንደሚገባ ይመረጣል፣ ወደ ሄድፎን የሚሄደው ድምፅ ይስተካከላል፣ ለድምፁ ማስተጋባት የሚሰጠው ሪቨርብ ይጫናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማሲንቆ ተጫዋቹ ቃኝቶ ጨርሶ ተቀምጧል፤ ስቱዲዮው በሰዓት የሚከራይ ከሆነም ሂሳቡ እየቆጠረ ነው። በማግስቱ ሌላ ዘፈን ሲመጣ ይኸው ሥራ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል።

ቴምፕሌት የሚባለው ነገር የተፈጠረው ይህን ድግግሞሽ ለማስቀረት ነው። ስሙ በሙያው አካባቢ ዘወትር ቢነሳም ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይታወቃል። አንዳንዶች ዘፈንን በራሱ የሚያሳምር መሣሪያ ይመስላቸዋል፤ በኢንተርኔት ለሽያጭ የሚቀርቡትንም በዚሁ ተስፋ ይገዛሉ። ሌሎች ደግሞ ሥራን ሁሉ አንድ መልክ የሚያስይዝ ነው ብለው ይሸሹታል። ቴምፕሌት በቀላሉ ሲገለጽ ባለሙያው ከሥራ ወደ ሥራ የማይቀየሩ ውሳኔዎቹን አንድ ጊዜ ወስኖ ያስቀመጠበት ፋይል ነው፤ ጥቅሙም ሆነ ጉዳቱ የሚመነጨው የትኞቹ ውሳኔዎች እንደገቡበትና የትኞቹ እንደተተዉ ነው።

በመጀመሪያ «ሴሽን» ማለት ምንድን ነው?

የድምፅ ቀረጻ ሶፍትዌር ሲባል እንደ ፕሮ ቱልስ፣ ኩቤስ፣ ሎጂክ ፕሮ፣ ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ኤብልተን ላይቭ፣ ስቱዲዮ ዋን እና ሪፐር ያሉትን ማለታችን ነው። በእነዚህ ላይ የሚሠራ እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ የሥራ ፋይል አለው። ፕሮ ቱልስ ይህን ፋይል «ሴሽን» ይለዋል፤ ከሌሎቹ ብዙዎቹ «ፕሮጀክት» ይሉታል፤ ነገሩ ግን አንድ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይስተዋለው፣ የሴሽን ፋይሉ እንደ ደንቡ ድምፁን በውስጡ የማይይዝ መሆኑ ነው። የተቀረጸው ድምፅ ለብቻው በአንድ ፎልደር ይቀመጣል። የሴሽን ፋይሉ የሚይዘው መመሪያውን ነው፤ የትኛው ድምፅ የት ላይ እንደሚጀምር፣ በየትኛው ትራክ እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል እንደሚጮኽ፣ የትኛው ፕለጊን (በሶፍትዌሩ ውስጥ ተጭኖ ድምፁን የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም) እንደሚነካው የሚናገረው እሱ ነው። ልዩነቱ በመጠናቸው ይታያል። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ የሚቀረጽ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የ5 ደቂቃ ዘፈን በ16 ትራክ ሲቀረጽ 690 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል ማለት ነው። የሴሽን ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አያልፍም። ሥራውን በፍላሽ ይዞ ወደ ሌላ ስቱዲዮ የሄደ ሰው ፋይሉን ሲከፍት ትራኮቹ ሁሉ ባዶ ሆነው የሚያገኛቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ መመሪያውን ይዞ ድምፁን ትቶ ሄዷል።

ድምፁና መመሪያው የተለያዩ በመሆናቸው ግን አንድ ጠቃሚ ነገር ይቻላል፤ ድምፁን ሆን ብሎ አውጥቶ መመሪያውን ብቻ ለሚቀጥለው ዘፈን ማስቀመጥ።

ታዲያ ቴምፕሌት ከተራ ሴሽን በምን ይለያል?

ልብስ ሰፊ የኮትን ቅርጽ በካርቶን ቆርጦ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ጨርቅ በመጣለት ቁጥር ካርቶኑን ጨርቁ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በጠመኔ ያሰምራል፤ ጨርቁ በየጊዜው ይለያያል፣ መቀስ የሚያርፍበትም ጨርቁ ነው፣ ካርቶኑ ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ቴምፕሌትም በዚህ መንገድ ይሠራል። ሲከፈት ሶፍትዌሩ ዋናውን ፋይል ሳይነካ አዲስ ቅጂ ያወጣል፤ ወይ ወዲያው ወይም መጀመሪያ «ሴቭ» ሲደረግ የአዲሱን ዘፈን ስምና የሚቀመጥበትን ቦታ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ የሚያርፈው በቅጂው ላይ ነው።

ቴምፕሌት የሌላቸው ብዙ ባለሙያዎች ለዚሁ ዓላማ ያለፈውን ሥራ ከፍተው በሌላ ስም «ሴቭ አዝ» ያደርጉታል። ሥራውን ያፈጥናል፤ አደጋው ግን ከባድ ነው። ስም መቀየሩ ለአንድ አፍታ ከተዘነጋ የትናንቱ ዘፈን በዛሬው ይተካል። ስሙ ቢቀየርም የትናንቱ ዘፈን የድምፅ ከፍታ ለውጦች፣ ለአንድ ድምፃዊ ተብሎ የተቀነሰ ወፍራም ድምፅ፣ የሆነ ትራክ ላይ የተረሳ ፕለጊን ሳይታወቅ አብረው ይሻገራሉ። ባለሙያው አዲሱን ድምፅ ለምን እንደታፈነ ሲፈልግ ይውላል፤ ምክንያቱ ግን በሌላ ሰው ዘፈን ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው።

ከቴምፕሌት ጋር የሚምታቱ ሁለት ስሞችም አሉ። ፕሪሴት የአንድ ፕለጊን ብቻ ቅንጅት ነው፤ ለምሳሌ የአንድ ኮምፕሬሰር (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ ፕለጊን) አቀማመጥ። የትራክ ቴምፕሌት ደግሞ አንድን ትራክ ወይም ጥቂት ትራኮችን ከነፕለጊናቸውና ከነቅንጅታቸው ይይዛል፤ ሪፐር በዚሁ ስም ሲጠራው ኩቤስና ፕሮ ቱልስ «ትራክ ፕሪሴት» ይሉታል። እዚህ የምናወራው ሙሉውን ገጽ ስለሚይዘው የሴሽን ቴምፕሌት ነው፤ የትራክ ቴምፕሌት ግን የእሱ ጥሩ ረዳት ነው፤ ለምሳሌ በቀረጻ መሃል ያልታሰበ ዋሽንት ተጫዋች ቢመጣ ትራኩ ተዘጋጅቶ በአንድ ትእዛዝ ይገባል።

ሶፍትዌሩ ራሱ ይዞት የሚመጣው ለምን አይበቃም?

ሁሉም ሶፍትዌሮች ማለት ይቻላል ዝግጁ ቴምፕሌቶችን ይዘው ይመጣሉ። ችግራቸው የተሠሩት ለሌላ አገር የሥራ ልማድ መሆኑ ነው። ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች አዲስ ገጽ ሲከፈት ታይም ሲግኔቸሩን፣ ማለትም በአንድ ባር ውስጥ የሚቆጠረውን ምት፣ 4/4፣ ቴምፖውን በደቂቃ 120 ምት አድርገው ይጀምራሉ። እነዚህ ቁጥሮች ማንም ያልጠየቃቸው ውሳኔዎች ናቸው፤ ዝም ብሎ ላለፋቸው ሰውም ሥራውን ይመሩታል።

ችክችካን እንውሰድ። ምቱ በተለምዶ በ6/8 ይጻፋል፤ በአንድ ባር ውስጥ ስድስት አጫጭር ምቶች በሦስት በሦስት ተከፍለው ይሄዳሉ። አቀናባሪው ገጹን በ4/4 እንዳለ ትቶት ከበሮውን በኪቦርድ መጻፍ ቢጀምር፣ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ምት ወደ ቅርብ መስመር የሚስብበት «ኳንታይዝ» የተባለው ሥራ ምቶቹን ወደ አራት ወይም ወደ ስምንት የተከፈለ መስመር ይጎትታቸዋል። በእጅ ሲመታ የሚወዛወዘው ከበሮ ደርቆ ይወጣል። ለተጫዋቾቹ በሄድፎን ምት የሚቆጥረው «ክሊክ» በአራት ከፍሎ ሲመታ ከበሮ መቺው በሦስት ይቆጥራል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ቀረጻው ይደጋገማል። አዝማቹን ቆርጦ ወደ ሌላ ቦታ ለማሻገር ሲፈለግም የባር መስመሮቹ ከዜማው ሐረግ ጋር ስለማይገጥሙ መቁረጫው በጆሮ ብቻ መፈለግ ይኖርበታል። ታይም ሲግኔቸሩ 6/8 የሆነ፣ መስመሩም ለዚያ የተከፈለ፣ የክሊኩ ጠንከር ያለ ምት በአንደኛውና በአራተኛው ላይ የሚያርፍ የችክችካ ቴምፕሌት ቢኖር ይህ ሁሉ ድካም አይነሳም።

ማሲንቆ ወይም ድምፅ ብቻውን ያለ ምት የሚገባበት ረጅም መግቢያም አለ። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ክሊክ መጫን ዜማውን ማሰር ስለሚሆን ክሊኩ በቀላሉ የሚጠፋበት አንድ ቁልፍ ቴምፕሌቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ መቆየቱ መልካም ነው።

የዕቃው ዝርዝርም እንዲሁ ነው። ዝግጁ ሆኖ የሚመጣው የባንድ ቴምፕሌት ለአንድ ድራም በርካታ ትራክ፣ ለኤሌክትሪክ ጊታር ሁለት ሦስት ትራክ ይከፍታል፤ ክራርንም ሆነ ከበሮን አያውቃቸውም።

ውስጡ ምን ይቀመጥ?

አንድ ባህላዊ ባንድ በአንድ ጊዜ አብሮ የሚቀረጽበትን ቴምፕሌት ለምሳሌ እንውሰድ። ክራሩ ሁለት ትራክ ይኖረዋል፤ አንዱ ከክራሩ በኬብል በቀጥታ የሚገባው፣ ሌላው ፊቱ ከቆመው ማይክ የሚመጣው። ከበሮም ሁለት ትራክ ይፈልጋል፤ ሰፊው ፊትና ጠባቡ ፊት የሚሰጡት ድምፅ የተለያየ በመሆኑ ለየብቻ ሲያዙ ኋላ ማመጣጠን ይቀላል። ለማሲንቆ አንድ፣ ለዋሽንት አንድ፣ ለዋናው ድምፃዊ አንድ፣ ለተቀባዮች ሁለት፣ ለጭብጨባና ለእልልታ አንድ ተጨማሪ ትራክ ይከፈታል። እያንዳንዱ ትራክ ስሙ፣ ቀለሙና የሚገባበት ሶኬት ተወስኖ ይቀመጣል፤ የማሲንቆው ማይክ ዘወትር በ3ኛው ሶኬት ከገባ፣ ባለሙያው ገመዱን በጨለማም ቢሰካ ድምፁ በትክክለኛው ትራክ ላይ ይመጣል።

ስም መስጠቱ ከሚመስለው በላይ ዋጋ አለው። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች አዲስ ለሚቀረጽ ፋይል ስም የሚያወጡት ከትራኩ ስም ነው። ትራኩ «ኦዲዮ 1» ተብሎ ከተተወ ፋይሉም «ኦዲዮ 1» እየተባለ ከነተከታታይ ቁጥሩ ይቀመጣል። ከዓመት በኋላ ዘፈኑ እንደገና ሚክስ ይደረግ (ትራኮቹ ተመጣጥነው ይዋሃዱ) ቢባል በፎልደሩ ውስጥ ካሉት በርካታ ፋይሎች የትኛው ማሲንቆ፣ የትኛው ዋሽንት እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን ከፍቶ ማዳመጥ ግድ ይሆናል። ትራኩ አስቀድሞ ስም ካለው ፋይሉም ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ስም አለው። ሥራው ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሄድ ከሆነ እነዚህን ስሞች በላቲን ፊደል መጻፍ ይመከራል፤ የግዕዝ ፊደልን በትክክል የማያነብ አሮጌ ሶፍትዌር አሁንም ያጋጥማል።

ከትራኮቹ ቀጥሎ የድምፅ መንገዶቹ ይዘረጋሉ። «ባስ» (በእንግሊዝኛ bus) የሚባለው ብዙ ትራኮች ተሰብስበው የሚያልፉበት የጋራ መንገድ ነው፤ ሁለቱ የከበሮ ትራኮች ወደ አንድ ባስ ከገቡ ከበሮውን በሙሉ በአንድ ቁልፍ ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። «ሴንድ» ደግሞ ከአንድ ትራክ የተወሰነ ድምፅ ቀድቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚልክ ቅርንጫፍ ነው። ለእያንዳንዱ ትራክ የራሱን ሪቨርብ ከመጫን ይልቅ አንድ ሪቨርብ ብቻ ከፍቶ ሁሉም በሴንድ እንዲልኩለት ማድረግ ኮምፒውተሩን ከመጨናነቅ ያድነዋል፤ አቅሙ አነስተኛ በሆነ ላፕቶፕ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

በእኔ ግምት ግን ቴምፕሌት ከሁሉም በላይ የሚክሰው በሄድፎኑ መንገድ ነው። ድምፃዊው በሄድፎኑ የሚሰማውና ባለሙያው በስፒከሩ የሚሰማው የተለያየ መሆን አለበት። ባለሙያው የማሲንቆውን ድምፅ ለብቻው ለመፈተሽ ሌላውን ሲያጠፋ፣ ድምፃዊው በድንገት ባንዱ ቢጠፋበት አዘፋፈኑ ይሰበራል። ለዚህ የሚያገለግለው «ፕሪ ፌደር» የሚባለው የሴንድ ዓይነት ነው። ድምፁን የሚቀዳው ከዋናው የድምፅ ቁልፍ በፊት ስለሆነ ባለሙያው ያን ቁልፍ ከፍ ዝቅ ቢያደርገው ወደ ሄድፎን የሚሄደው አይለወጥም። ትራኩን «ሚዩት» ማድረግ፣ ማለትም ድምፁን ማጥፋት፣ ግን በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ሴንዱንም አብሮ ስለሚዘጋ፣ ይህ እንዴት እንደተቀናበረ ቴምፕሌቱ ሲሠራ አንድ ጊዜ መፈተሽ ይኖርበታል። ይህን ለአሥር ትራክ አንድ በአንድ ማቀናበር አሰልቺ በመሆኑ ሰው እየቸኮለ ይዘለዋል፤ ቴምፕሌት ውስጥ አንድ ጊዜ ከተሠራ ግን በእያንዳንዱ ቀረጻ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ክሊኩም በዚሁ መንገድ ወደ ሄድፎን ብቻ እንዲሄድ ይደረግና ወደ መጨረሻው ድምፅ የሚወስደው መንገድ ይዘጋል። በክሊክ የተበላሸ የናሙና ቅጂ ለደንበኛ መላክ የሚቀረው እንዲህ ነው።

ሳምፕል ሬቱስ በስንት ይሁን?

ሳምፕል ሬት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚናገር ቁጥር ነው። የሲዲ መለኪያ 44.1 ኪሎኸርዝ ነው፤ በቪዲዮ ሥራ የተለመደው 48 ኪሎኸርዝ ነው። ነጠላ ዜማዎች በብዛት ከክሊፕ ጋር በዩቲዩብ ስለሚወጡ 48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ለቴምፕሌት ምክንያታዊ ምርጫ ነው። ዋናው ነገር ግን አንዱን መርጦ መጽናት ነው። በ44.1 የተቀረጸ ድምፅ ሳይለወጥ በ48 ቢጫወት ወደ 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ዜማውም አንድ ተኩል ሰሚቶን ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በላዩ ላይ የሚቀረጽ ክራር ቢቃኝም አይገጥምለትም። ከውጭ ተቀናብሮ የሚመጣ ሙዚቃ ወደ ሴሽኑ ሲገባ ሶፍትዌሩ «ይለወጥ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ አዎ ማለት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ምን መግባት የለበትም?

መመዘኛው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ውሳኔ ዘፈኑን ሳይሰሙ ሊወሰን ይችላል ወይ? የክራሩ ማይክ በ2ኛው ሶኬት እንደሚገባ ሳይሰሙ መወሰን ይቻላል። የድምፃዊቷ ድምፅ ከ200 ኸርዝ በታች ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት ግን እሷን ሳይሰሙ መወሰን አይቻልም። ስለዚህ ኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል የሚያመጣጥነው) እና ኮምፕሬሰር በትራኩ ላይ ተጭነው ግን ጠፍተው ቢቀመጡ ተገቢ ነው፤ ለሌላ ሰው ድምፅ የተስተካከለ ቁጥር ይዘው መቀመጣቸው ግን ጎጂ ነው።

ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ብዙዎች በጅምላ «ኦቶቱን» የሚሉት የዜማ ማስተካከያ ፕለጊን ነው። ይህ ፕለጊን የተዜመውን ድምፅ በተመረጠለት ስኬል ውስጥ ወዳለው ቅርብ ድምፅ ይስባል። በቴምፕሌቱ ውስጥ ሲ ሜጀር ተመርጦለት ቢቀመጥና አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ቢዘፈንበት የሚሆነውን እንመልከት። በሁለቱም ቅኝቶች ከመነሻው ቀጥሎ የሚመጣው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለ ነው፤ መነሻው ሲ ከሆነ ይህ ድምፅ ዲ ፍላት ይሆናል። ሲ ሜጀር ውስጥ ዲ ፍላት የለም። ፕለጊኑ ድምፃዊቷ በትክክል ያዜመችውን እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ሲ ወይም ወደ ዲ ይጎትተዋል፤ ቅኝቱን ቅኝት ያደረገው ድምፅ በዚህ ይጠፋል። ይህ የሚያሳዝነኝ ጉዳይ ነው፤ የሚጠፋው ማንም ሳይፈልግ፣ አስቀድሞ በተቀመጠ አንድ ምርጫ ምክንያት ብቻ ነውና። ፕለጊኑ የግድ ካስፈለገ በቴምፕሌቱ ውስጥ ጠፍቶ ይቀመጥ፤ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ ድምፆቻቸው አንድ በአንድ የተመረጡ የየራሳቸው ፕሪሴቶች ተዘጋጅተው ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ይጫኑ።

የማስተሪንግ፣ ማለትም ያለቀውን ዘፈን ለመልቀቅ የማዘጋጃ፣ ፕለጊኖችም ከቀረጻ ቴምፕሌት ውስጥ ይውጡ። ብዙዎቹ ድምፁን አስቀድመው ለማየት ጥቂት ስለሚያዘገዩት ድምፃዊው ራሱን በሄድፎን ዘግይቶ ይሰማዋል። መዘግየቱ የሚመጣው ከ«ቡፈር» ጭምር ነው፤ ቡፈር ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የድምፅ መጠን ነው። በ48 ኪሎኸርዝ 128 ሳምፕል ቡፈር ብቻውን 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ሲያዘገይ፣ 1024 ሳምፕል ግን 21 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። የመጀመሪያው ለቀረጻ ይመቻል፤ ሁለተኛው ብዙ ፕለጊን ለሚጫንበት ሚክስ ይሆናል። ለቀረጻና ለሚክስ ሁለት የተለያዩ ቴምፕሌቶች መኖራቸው የሚመከረውም ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉት ነገር ስለሚጋጭ ነው።

በተግባር እንዴት ይሠራል?

ከባዶ ገጽ ተነስቶ ማሰናዳት ይቻላል፤ የተሻለው መንገድ ግን በቅርቡ የተጠናቀቀና ያለ ችግር የሄደ አንድ ሴሽን መርጦ ማጽዳት ነው፤ በእውነተኛ ሥራ የተፈተነ ነውና። ሴሽኑ በመጀመሪያ በሌላ ስም ይቀመጥ። ቀጥሎ በትራኮቹ ላይ ያለው ድምፅ ይወገዳል፤ እዚህ ላይ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሶፍትዌሮች ድምፅን የሚያስወግዱበት መንገድ ሁለት ነው። «ሪሙቭ» ድምፁን ከገጹ ወይም ከዝርዝሩ ብቻ ያወጣዋል፤ «ዲሊት» የተባለው ግን በአንዳንዶቹ ፋይሉን ከሃርድ ዲስኩ ላይ ይሰርዘዋል። ስሙ የተቀየረው ሴሽንም ሆነ የመጀመሪያው የሚያመለክቱት አንድ የድምፅ ፎልደርን ስለሆነ፣ ቴምፕሌት ላጸዳ ብሎ «ዲሊት» ያለ ሰው የደንበኛውን ዘፈን ዋና ቅጂ ያጠፋል። ምርጫው ሁልጊዜ «ሪሙቭ» ነው፤ ያም ሆኖ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋናው ፎልደር በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀዳ።

ድምፁ ከወጣ በኋላ የቀሩት ርዝራዦች ይጠረጋሉ፤ የተጻፉ የድምፅ ከፍታ ለውጦች፣ የመግቢያና የአዝማች ምልክቶች፣ የቴምፖ ለውጦች፣ «ሚዩት» ወይም «ሶሎ» (ለብቻቸው እንዲሰሙ) እንደሆኑ የቀሩ ትራኮች። የድምፅ ቁልፎቹ «0 ዲቢ» ወደሚለው መደበኛ ቦታቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ፋይሉ እንደ ቴምፕሌት ይቀመጣል። በፕሮ ቱልስ፣ በኩቤስ፣ በሎጂክ ፕሮና በስቱዲዮ ዋን በ«ፋይል» ዝርዝር ውስጥ «ሴቭ አዝ ቴምፕሌት» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ፕሮ ቱልስ ድምፁም አብሮ ይቀመጥ እንደሆነ ስለሚጠይቅ ያ ሳጥን ባዶ ይተው። በሪፐር በዚያው ዝርዝር «ፕሮጀክት ቴምፕሌትስ» በሚለው ሥር ይገኛል። ኤብልተን ላይቭ ገጹን ሁልጊዜ የሚከፈት መነሻ ማድረግን ይፈቅዳል። ኤፍኤል ስቱዲዮ ላይ ደግሞ ፋይሉ በቴምፕሌቶቹ ፎልደር ውስጥ ሲቀመጥ «ኒው ፍሮም ቴምፕሌት» ሲባል ይመጣል።

ቴምፕሌቱ ተሠራ የሚባለው ከተፈተነ በኋላ ነው። ሶፍትዌሩ ተዘግቶ ይከፈት፣ ከቴምፕሌቱ አዲስ ሴሽን ይፈጠር፣ በእያንዳንዱ ማይክ ላይ ጥቂት ሰከንድ ተናግሮ ይቀረጽ፤ ድምፁ በትክክለኛው ትራክ መግባቱ፣ በሄድፎን መሰማቱና ፋይሉ ትክክለኛ ስም መያዙ ይታይ።

ሌላ ስቱዲዮ ላይ ቢከፈትስ?

ቴምፕሌት የማይሸከማቸው ነገሮች አሉ። ፕለጊኖቹን ራሳቸውን አይዝም፤ ስማቸውንና ቅንጅታቸውን ብቻ ይዞ ስለሚሄድ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ካልተጫኑ ቦታቸው ባዶ ሆኖ ይመጣል። ብዙ ሳውንድ ካርዶች ላይ በእጅ የሚዞረውን የማይኩን ድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ፣ ጌይንንም ሆነ ለኮንደንሰር ማይክ የሚሰጠውን 48 ቮልት አያስታውስም። የቡፈሩ መጠንና ሥራው በየስንት ደቂቃው በራሱ እንዲቀመጥ የሚያዘው ምርጫም በአብዛኛው የሚቀመጡት በሶፍትዌሩ አጠቃላይ ቅንጅት ውስጥ ነው። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ሁኔታ የሚሠራ ሰው ይህን በየኮምፒውተሩ ለብቻው ማስተካከል አለበት፤ በየ5 ደቂቃው እንዲቀመጥ ማድረግና ኮምፒውተሩን ከዩፒኤስ ጋር ማያያዝ ተገቢ ነው።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በፒያሳና በካሳንቺስ በተካሄደው የኮሪደር ልማትና መልሶ ማልማት ብዙ የሥራ ቤቶች ቦታ ለቀዋል። ስቱዲዮ ሲዛወር፣ ወይም ባለሙያው ከአንዱ ስቱዲዮ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሲሠራ፣ መጀመሪያ የሚበላሸው የሶኬቶቹ አሰላለፍ ነው። በስምንት ሶኬት ሳውንድ ካርድ ላይ የተሠራ ቴምፕሌት ሁለት ሶኬት ባለው ላይ ሲከፈት ከ3ኛው ጀምሮ ያሉት ትራኮች ምንም አይሰሙም። የሚጠገነው ትራኮቹን አንድ በአንድ በመነካካት ሳይሆን፣ ሶፍትዌሩ ሶኬቶችን በስም በሚያስተዳድርበት መስኮት ላይ አንድ ጊዜ በማዛመድ ነው፤ ፕሮ ቱልስ «አይ ኦ ሴትአፕ»፣ ኩቤስ «ኦዲዮ ኮኔክሽንስ» ይሉታል። ተዘዋውሮ የሚሠራ ሰው በቴምፕሌቱ ውስጥ ከሶፍትዌሩ ጋር አብረው የሚመጡትን ፕለጊኖች ብቻ ቢጠቀም ያዋጣዋል።

ዘፈኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይሆኑም?

ይሆናሉ፤ የከበሮው ናሙና፣ የኪቦርዱ ድምፅና የሪቨርቡ ዓይነት ተቆልፈው ከተቀመጡ። ሰው ሥራዎችን ሲሰማ «ይሄ የእንትና ስቱዲዮ ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። መንገዶቹ፣ ስሞቹና ሶኬቶቹ ብቻ ከተቀመጡ ግን ቴምፕሌቱ ራሱ የሚሰማ ድምፅ የለውም።

ቴምፕሌቱ እንዴት ይታደስ?

በየሥራው ላይ «ይህማ ቴምፕሌቱ ውስጥ ቢኖር» የሚያሰኝ ነገር ይገኛል። ያን በቀረጻ መሃል ቴምፕሌቱን ከፍቶ መነካካት አያስፈልግም፤ በማስታወሻ ይያዝና ሥራው ካለቀ በኋላ ይጨመር። በተከታታይ ዘፈኖች ላይ ሳይነካ የቀረ ትራክም ይውጣ። የታደሰው በስሙ ላይ ወርና ዓመተ ምህረት ተጽፎበት፣ ለምሳሌ «ባህላዊ ባንድ ቀረጻ፣ ጥቅምት 2018» ተብሎ ይቀመጥ፤ ቅጂውም ከኮምፒውተሩ ውጭ በሌላ ዲስክ ይኑር። አሮጌው አይሰረዝ። በእሱ የተጀመረ አልበም ካለ የቀሩት ዘፈኖችም በእሱ ይጨረሱ፤ በአልበም መሃል የሶኬትና የባስ አሰላለፍ ከተቀየረ ሚክስ የሚያደርገው ሰው የመጀመሪያዎቹን ዘፈኖች ቅንጅት ወደ ኋለኞቹ ማሻገር ያቅተዋል።